ቆርቆሮ ራስ የተከዳበት ቅዳሜ

ፍሰሐ የሞተው አፉን ከፍቶ ነው። የኖረውም አፉን ከፍቶ ስለነበር ማንም አልደነቀውም። በወይዘሮ የሺሃረግ የእህል መጋዘን ውስጥ፣ ፊልም ከሚታይበት አቡጀዲ ጀርባ፣ በገብስ ጆንያዎች መካከል በጎኑ ወድቆ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የሚዛን ብረት አጠገቡ ተንከባሏል። እሱ ሲወድቅ ከአቡጀዲው ወዲህ አሰላ ከነሹማምንቷ ተቀምጣ ታፏጭ ነበር። ሰውዬው የፊልሙን ትረካ ድንገት ያቋረጠው ሊያጓጓት መስሏት ነው።

ይህ የሆነው በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት ወር፣ ቅዳሜ ከገበያ በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። የጃፓን ጨርቅ የሚያስመጣ አንድ ነጋዴ፣ ለጃፓን ቴሌቪዥን የተሠራ ተከታታይ ፊልም በየሳምንቱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ይልካል። ቴሌቪዥን የሚባለውን ነገር በዓይኑ ያየ ሰው በአሰላ አልነበረም። ዐዋቂ ነን ባዮች ግን «ዓይን የበቀለበት ራዲዮ ነው» እያሉ ያስረዱ ነበር። ፊልሙ ፊቱን በብረት ጭምብል ሸፍኖ፣ ከጣሪያ ጣሪያ እየዘለለ ክፉዎችን ስለሚቀጣ ጀግና ነው። የጃፓን ስሙን የሚያውቅ ስለሌለ «ቆርቆሮ ራስ» ተባለ። አንድ ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ የሸፈነ የማይለየው ወዳጅ ነበረው፤ እሱንም «አንድ ዓይናው» አሉት።

የፊልሙ አስተርጓሚ ፍሰሐ ነበር። ኮሪያ ዘምቶ ቆስሎ ጃፓን ሆስፒታል ተኝቷል። እዚያ የተማረው ጃፓንኛ «ውሃ» እና «ያመኛል» ከማለት አያልፍም ብለው የሚያሙት ነበሩ፤ ሐሜታቸው እውነት ሳይሆን አይቀርም። ድምፁ ግን ግሩም ነው። ከሥዕሉ ውስጥ የሚወጣ እንዲመስል ከአቡጀዲው ጀርባ ብቻውን ቆሞ፣ በጨርቁ ውስጥ የሚያልፈውን ሥዕል እያየ ይተርካል። የማሽኑን ድምፅ ያስዘጋና ጃፓኖቹ አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ እሱ ይናገርላቸዋል። ማን ታማኝ፣ ማን ከሃዲ እንደሆነ የሚወስነውም እሱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ያወደሰውን በዚህኛው ቅዳሜ ከሃዲ ያደርገዋል፤ ሕዝቡም ባለፈው ባጨበጨበበት እጅ አሁን ጡጫ ያሳያል።

ለአሰላ ይህ ምኑም እንግዳ አልነበረም። በታኅሣሡ ግርግር መንግሥት ተገለበጠ ሲባል የንጉሡን ሥዕል ከግድግዳ አውርደው ከአልጋ ሥር የከተቱ፣ ነገሩ ከሸፈ ሲባል ደግሞ አቧራውን በነጠላ ጠርገው መልሰው ሰቅለው ለምስጋና ጸሎት የተሽቀዳደሙት እነዚሁ የፊት ወንበር ሰዎች ናቸው።

ሬሳው በተገኘ ማግስት፣ ነገሩን እንዲያጣራ የመቶ አለቃ ሣህሌ ከአቦምሳ ተጠራ። ቀጭን፣ መፋቂያ ከአፉ የማይለይ ሰው ነው። ሰውን መናቅ እንደ ሙያ ይዞታል፤ ሲንቅ ግን ትልቅ ትንሽ ብሎ ስለማያበላልጥ ፍርደ ገምድል ነው ብሎ የከሰሰው የለም። ጣቢያው ሲደርስ አምሳ አለቃው ደረቱን ነፍቶ ተቀበለው። ገዳዩን ይዞ ጨርሷል። የሲኒማ ማሽኑን የሚያሠራው ቱሳ ነው።

«እንዴት ዐወቅህ?» አለው ሣህሌ።

«ሬሳውን ያገኙት አቶ ግዛቸው ጠቆሙን። ደግሞም ቱሳ ዝቶበት ነበር።»

አቶ ግዛቸው የአንድ መሥሪያ ቤት ዋና ጸሐፊ ናቸው። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። የንግድ ፈቃድ የሚታደሰው በእሳቸው እጅ መሆኑን ማወቅ ይበቃል፤ በእሳቸው ቀልድ የማይስቅ ነጋዴ በከተማው ውስጥ አልነበረም።

ሣህሌ በቅድሚያ መጋዘኑን አየ። ከአቡጀዲው በስተጀርባ ወደ ጓሮ የሚያወጣ በር አለ። ግን ገብስ እስከ መቃኑ ድረስ ተደርድሮበታል፤ በጆንያዎቹ ላይ የተኛው ብናኝ ጣት እንኳ አልነካውም። እንግዲህ ገዳዩ የገባው ከአዳራሹ ነው፤ የአቡጀዲውን ጫፍ ገለጥ አድርጎ። ሣህሌ ሟቹ ከቆመበት ቦታ ላይ ቆመ፤ የተሰቀለውን ጨርቅ ሲመለከት ቆየና መፋቂያውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛወረው።

ከዚያ ወደ እስር ቤት ሄደ። የቱሳ ሚስት አስያ ከበሩ ሥር ተቀምጣለች፤ የመውለጃዋ ወር ነው። ቱሳ የዲክሲስ ልጅ ነው፤ ነገር አያስረዝምም። ፍሰሐ የክፉዎቹን ሞኝ ሎሌ «ቱሳ» ብሎ ሰይሞት፣ ከተማው ሁሉ በመንገድ ላይ ይስቅበት ነበር።

«ትጠላው ነበር?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ምላስህን እቆርጣለሁ ብለሃል?»

«ብያለሁ። ግን የተመታው ማጅራቱን ነው።»

ሣህሌ ሳቅ ሊያመልጠው ነበር። የሆነውን እንዲነግረው ጠየቀው። ቱሳ እንዳለው፣ ፊልሙ ሁለት ጥቅል ነበር። የመጀመሪያው አልቆ ሁለተኛው እስኪገጠም ድረስ አዳራሹ ጨለመ፤ ሰውም ተንጫጫ። ሁለተኛው ሲጀመር ፍሰሐ ትረካውን ቀጠለ። አንድ ዓይናው የዓይኑን ጨርቅ አውልቆ ደህና ዓይን ሲያሳይ ፍሰሐ «አሁን ይህ ሰው ማን እንደሆነ…» ብሎ ዝም አለ። ወዲያው መብራቱ ደከም ስላለ ቱሳ ጄኔሬተሩን ሊያይ በዋናው በር ወጣ፤ ሲመለስም በዚያው በር ነው። ሲገባ አንድ ዓይናው ቢላዋ መዝዞ ቆርቆሮ ራስን ሲወጋው ደረሰ።

«እንዴት አድርጎ ወጋው?»

«እንዲህ» አለና ቱሳ ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ አወረደ። «ጌታዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ይሰቅሉኛል?»

«እንደ አምሳ አለቃው ቢሆን ልጅህን ሳታይ» አለው ሣህሌ። «እኔ ግን ሌላ ሰው ነኝ።»

ወይዘሮ የሺሃረግ የመጋዘኑ ባለቤት ናቸው፤ ዋናው በር ላይ ተቀምጠው መግቢያ የሚቀበሉትም ራሳቸው። ቱሳ ሲወጣና ሲገባ አይተውት እንደሆነ ሣህሌ ጠየቃቸው።

«እንጃ ልጄ፤ ዓይኔ ደክሟል።»

«ፊልሙንስ አዩት?»

«እንዴታ! ያ ርጉም ወዳጁን ሲወጋው፣ ቢላዋው እንዴት እንዳብረቀረቀ!» ብለው እሳቸውም በቀኝ እጃቸው አየሩን ወጉ። ከአዳራሹ ማዶ ያለ ቢላዋ የሚያይ፣ በአፍንጫው ሥር ያለፈ ሰው ግን የማያይ ዓይን ሣህሌ አጋጥሞት አያውቅም ነበር። ቀጥሎ የጠየቃቸው ፍሰሐ ጥቅሉ ሲቀየር ምን ይል እንደነበር ነው። ሴትዮዋ ይህንን ያለፍርሃት ተናገሩ፦ ጆሮ ላለው ሁሉ እየጮኸ «የዛሬው ከሃዲ ጃፓን አይደለም፤ የአሰላ ሰው ነው፤ ስሙን እጠራለሁ» ሲል ነበር።

ሦስተኛዋ አሰፋሽ ናት፤ ባሏ መምህር ወልደ ሚካኤል ነው። በታኅሣሥ ተማሪዎቹን አደባባይ አውጥቶ ለአዲሱ መንግሥት አስጨብጭቧል ተብሎ ተወስዶ እስካሁን አልተመለሰም። ሲወሰድ «ታዝዤ ነው» ከማለት በቀር ያዘዘውን ሰው ስም ለመጥራት ጊዜ አላገኘም። ትእዛዙ ሲሰጥ ፍሰሐ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር። አሰፋሽ ስሙን ንገረኝ ብላ እግሩ ላይ ወድቃ ብትለምነው «አልሰማሁም» አላት። ከተማውም «የፍሰሐ ነፍስ በእሷ እጅ ሳትጠፋ አትቀርም» እያለ ያንሾካሹክ ጀምሯል።

«ገድዬው ቢሆን ኖሮ ስሙን ከአፉ አውጥቼ ነበር የምገድለው» አለች አሰፋሽ። «አርብ ዕለት አረቄ ጠጥቶ ቤቴ መጣ። ‹ነገ ነይ፤ ያንቺን ጉዳይ በሰው ፊት እናገራለሁ› አለኝ። የሚቀልድብኝ መስሎኝ ነበር። ግን ሄድኩ።»

«የት ተቀመጡ?»

«ከአቶ ግዛቸው ወንበር ኋላ። ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚደርሰኝ፤ ሌላ ሰው እሺ አይልም። በዚያ ከፍ ባለው ወንበራቸው ላይ ባርኔጣቸው ተጨምሮበት የሥዕሉ ታች አይታይም።» ትንሽ አሰበችና «የቅዳሜው ግን ታየኝ» አለች። «አንድ ዓይናው ሲወጋው፣ ቆርቆሮ ራስ ሲወድቅ፣ እስከ እግሩ አየሁት። ለካ ሰውዬው አንዳንዴ ባርኔጣ ያወልቃል፣ ለካ ሰው ነው አልኩ።»

አንድ ዓይናው እንዴት አድርጎ እንደወጋ ጠየቃት። እሷም በቀኝ እጇ አሳየች። አምሳ አለቃው ከውጭ ሆኖ ሲሰማ መቶ አለቃው ራሱ በፊልሙ ፍቅር የተለከፈ መሰለው።

አቶ ግዛቸው ሣህሌን በቢሯቸው ተቀበሉት፤ ባርኔጣቸው ከራሳቸው፣ የንጉሡ ሥዕል ከበላያቸው ነው። ሥዕሉ አዲስ ክፈፍ ገብቶለታል። ወንበር ሳይሰጡት ስለ ሕዝቡ አለመሠልጠንና ስለ ቱሳ ዐመፀኛነት ብዙ አወሩለት። ጉዳዩ በቶሎ ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ይሻሉ።

«እስከ መጨረሻው ከወንበርዎ አልተነሡም?» አላቸው።

«ከቶ! ያን የመሰለ ፊልም ትቼ?»

«እኔ ያልታደልኩ ፊልም አይቼ አላውቅም። መጨረሻው እንዴት ነው?»

አቶ ግዛቸው ፊታቸው በራ። ባርኔጣቸውን አስተካከሉና እንዲህ አሉ፦ «እኔ እንኳ መጨረሻውን ሳላይ ጠርጥሬው ነበር። ያ አንድ ዓይናው፣ የዓይኑ ጨርቅ ውሸት ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ቢላዋውን በግራ እጁ መዘዘና ወዳጁን! ግራኝ ከሃዲ ባይሆን ነበር የሚገርመኝ።»

«በግራ እጁ» አለ ሣህሌ።

«በግራው! ሰው በግራው ሲመጣብህ ሌላ ምን ትጠብቃለህ?»

ሣህሌ መፋቂያውን አኘከ። ሲወጣ እግረ መንገዱን ስለ ባርኔጣቸው ጠየቃቸው። በጎን ሲያዩአቸው ወደ ማጅራታቸው የወረደ መላጣ የሚሸሽግ ባርኔጣ ነው። አቶ ግዛቸው ራሳቸውን ብርድ እንደሚመታቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም፣ በፊልም ቤትም ቢሆን እንደማያወልቁት ነገሩት።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የቅዳሜው ተመልካች ሁሉ መጋዘኑ ውስጥ እንዲሰበሰብና እያንዳንዱ የቅዳሜ ቦታውን እንዲይዝ ታዘዘ። ማንም አልቀረም። ሰው ሲሞት ለለቅሶ ሰዓት የሚያጣው ሹም ሁሉ፣ ፊልም አለ ሲባል ቀድሞ ተገኝቷል። ቱሳ በካቴና መጣ። ሣህሌ ካቴናውን አስፈታለትና ወደ ማሽኑ ገፋው፤ የፊት ወንበሮቹ አጉረመረሙ።

«ሁለተኛውን ጥቅል አሳየን» አለው። «ከዝምታው ጀምሮ።»

መጋዘኑ ጨለመ። አንድ ዓይናው ጨርቁን አወለቀ፤ ቢላዋውን መዘዘ፤ ወዳጁን ወጋው። ሣህሌ ፊልሙን አስቁሞ ፋኖስ አስበራ።

«በየትኛው እጁ ነው የወጋው?»

ከአቶ ግዛቸው በቀር አዳራሹ ሁሉ «በቀኙ» አለ።

«አሁን ሁላችሁም ተነሡና ከአቡጀዲው ጀርባ ግቡ።»

እየተገፋፉ ገቡ። ፍሰሐ የወደቀበትን ቦታ ላለመርገጥ ነጠላቸውን ሰብሰብ ያደረጉ ነበሩ፤ ያለ አንዳች ጥንቃቄ የረገጡትም ነበሩ። ያው ጥቅል እንደገና ታየ። አሁን ሥዕሉ ተገልብጧል፤ ቀኝ የነበረው ግራ ሆኗል። አንድ ዓይናው ቢላዋውን በግራ እጁ መዘዘ። ከጆንያዎቹ መካከል የአንዲት ሴት ድምፅ «ወይ ጉድ!» አለ።

ሣህሌ ሁሉንም ወደየቦታቸው መለሰና ከፊታቸው ቆሞ ነገሩን እንደ ልቃቂት ይፈታው ጀመር። ፍሰሐ እስኪመታ ድረስ የሆነውን በጆሮ የሰማ ሁሉ ሊያወራው ይችላል አለ። ከዝምታው በኋላ ያለውን ግን በዓይኑ ያየ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ በየት በኩል ሆኖ እንዳየውም እጁ ይናገርበታል። ለዚህ ነው ለሁሉም ያንኑ አንድ ጥያቄ የጠየቀው። ቱሳ ከማሽኑ ጋር፣ ወይዘሮ የሺሃረግ ከበሩ፣ አሰፋሽ ከሁለተኛው ረድፍ፤ ሦስቱም ቀኝ እጃቸውን አነሡ። ግራኝ ያየ አንድ ሰው ብቻ ተገኘ።

«ተሳስቼ ነው» አሉ አቶ ግዛቸው። «ሰው አይሳሳትም?»

«ይሳሳታል። ባርኔጣ ግን አይሳሳትም።» ሣህሌ ወደ አሰፋሽ ዞረ። «እዚያው ቦታዎ ነዎት። አሁን የሥዕሉ ታች ይታይዎታል?»

«አይታየኝም» አለች አሰፋሽ። «ባርኔጣቸው ይጋርደኛል።»

«ቅዳሜ ግን ለወይዘሮዋ ታይቷቸዋል። አቶ ግዛቸው፣ እርስዎ ደግሞ ባርኔጣዬን አላወልቅም ብለውኛል። ባርኔጣው ካልወለቀ፣ ከነባለቤቱ ሄዷል ማለት ነው።»

አቶ ግዛቸው ወደ ወይዘሮ የሺሃረግ ዞረው፣ ቱሳ ወጥቶ አልነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ሴትዮዋ ጸሐፊውን አዩ፣ መቶ አለቃውን አዩ፣ ደግሞ ጸሐፊውን አዩ። የደከመው ዓይናቸው ወዲያው ዳነ። ቱሳ በዋናው በር ወጥቶ በዋናው በር እንደገባ፣ በመካከሉም የጄኔሬተሩን ማስነሻ ገመድ ሲጎትት ከደጅ ላይ ሆነው እንዳዩት በእመብርሃን ስም ማሉ።

«ጥሩ» አለ ሣህሌ። «ማሽኑ ቆሞ አዳራሹ ሲጨልም አቶ ግዛቸው ተነሡና ከአቡጀዲው ጀርባ ገቡ። ፊልሙ ሲጀመር ግን መውጫ የለም፤ አቡጀዲው ፊት ብርሃን ነው፤ ገልጦ የወጣ ሰው ይታያል። ስለዚህ ፍሰሐን ከመቱት በኋላ እዚያው ቆሙ። ፊልሙ አልቆ ሰው ሲተራመስ ሬሳውን ‹አገኘሁ› ብለው የጮኹትም እሳቸው ናቸው። እስከዚያ ድረስ ምን ሠሩ? ሬሳ ከእግራቸው ሥር አጋድመው ፊልሙን እስከ መጨረሻው አዩ። እኔን የገረመኝ ይኸው ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚሰቀለው ቱሳ ነበር። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእርስዎ ሁለቱም ደርሶብዎታል።»

የሳቀ አልነበረም። አሰፋሽ ተነሣች።

«አቶ ግዛቸው፣ ተማሪዎቹን አውጣ ብሎ ባሌን ያዘዘው ማነው?»

ሰውዬው ባርኔጣቸውን አወለቁና ጭናቸው ላይ አደረጉት፤ ብርዱን የረሱት ይመስላል።

«ፍሰሐን ለመንኩት» አሉ፤ የተናገሩት ግን ለአሰፋሽ አልነበረም። «በሹክሹክታ ለመንኩት። እየተረከ እንደ ዝንብ በእጁ እሽ አለኝ። ስሜን ሊጠራ አፉን ሲከፍት…» ከዚያ ድንገት ቆመው ወደ ወንበሮቹ ጮኹ። «እኔ ብቻ ነኝ? ሥዕሉን ያላወረደ ከመካከላችሁ ማን አለ? እስቲ ይነሣ!»

የተነሣ የለም። የፊት ወንበር ሰዎች ጫማቸውን ይመረምሩ ነበር። አምሳ አለቃው፣ ትናንት ሰላምታ ሲሰጣቸው ተረከዙ የሚንቋቋው ሰው፣ ክንዳቸውን ጠምዝዞ ይዟቸው ወጣ። ገና ከበሩ ሳያልፉ አንዱ ነጋዴ ፊታቸውን ባየ ቁጥር ይጠራጠራቸው እንደነበር ተናገረ። ሌላው ደግሞ በታኅሣሥ ለወልደ ሚካኤል የሰጡትን ትእዛዝ ከመስኮት ሆኖ በጆሮው መስማቱን አስታወሰ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ሣህሌ የሁለተኛውን ሰው ክንድ ያዝ አደረገና ያንን ቃል ዳኛ ፊት ቀርቦ እንደሚደግመው አስጠነቀቀው። ሰውዬው ያን ጊዜ እንደገና መርሳት ጀምሮ ነበር፤ ግን አሰፋሽ አጠገቡ ደርሳለች።

ቱሳ ጥቅሉን ከማሽኑ እያወጣ ነበር። የፊት ወንበር ሰዎች ድንገት ወዳጁ ሆኑ። «እንኳን ደስ ያለህ፣ እኛስ ድሮም አላመንንም» እያሉ እጃቸውን ዘርግተው ተሰለፉ፤ በስሙ ሲስቁበት የኖሩት ሳይቀሩ። ቱሳ አያቸው። ከዚያ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተና ግራ እጁን ዘረጋላቸው።

በአሰላ ግራ እጅን ለሰላምታ መዘርጋት ፊት ላይ ከመትፋት አይሻልም። ቱሳም ያውቀዋል፤ እነሱም ያውቁታል። ግን መቶ አለቃው በሩ ላይ ቆሞ ያይ ነበር፤ ነገ ደግሞ ማን ምን እንደሚሆን አይታወቅም። እየተራመዱ መጡ፤ ያንን ግራ እጅ በሁለት እጃቸው እየያዙ፣ ጎንበስ እያሉ ጨበጡት። አሰፋሽ ስትደርስ ቱሳ ቀኙን ከኪሱ አወጣላት። ቀጥሎ የመጣው ሹም ይህንን አይቶ ለራሱም ቀኙን ጠበቀ፤ የተዘረጋለት ግን ግራው ነው። እሱም ጨበጠ። ከዚያ ሁሉ ሰው እጁን የሰበሰበ አንድም አልነበረም።

ቱሳ በሩን ሲያልፍ አስያ ሆዷን ደግፋ ከደጅ ቆማ ትጠብቀው ነበር።